ጠበሉ ውስጥ ያደረው አምባዛ

ይህ የሆነው ባለፈው ዓመት፣ በሁዳዴ ጾም ነው። ዓመት አልፎትም ጠዋት ጠዋት ጣሳ ባነሳሁ ቁጥር ሳቄ ይመጣል።

ጋምቤላ ከተማ የመዋዕለ ሕፃናት መምህርት ነኝ። የአምስት ዓመት ልጄ ሶስናም የምትማረው እኔው ክፍል ነው። ያን ሰሞን ወባ ጥሎኝ ገና መነሳቴ ነበር። እናቴ ከጎጃም ጠበል በጀሪካን ሞልታ በሰው በሰው ላከችልኝ። ሰባት ጠዋት ልጠጣው ቃል ገባሁ።

ሙቀቱ እንዳያፈላው ወደ እንስራ ገለበጥኩት። ሶስናንም አስጠነቀቅኳት። «ይህ ውሃ ቤታችን ውስጥ ካለው ሁሉ ንጹህ ነው። እንዳትነኪው።»

ነገሩ ሁሉ የመጣው ከዚህ ቃል ነው።

በሁለተኛው ቀን ትምህርታችን የእንስሳት መኖሪያ ነበር። ክፍላችን ግድግዳ ላይ ያለው ሥዕል በረዶ ላይ የተኛ ነጭ ድብ ነው። በጋምቤላ ሙቀት ስለ በረዶ ምን ብዬ ላስረዳ? ጎረቤቴን አቻላን ለመንኳት። አቻላ አኙዋ ናት፤ ወንድሞቿ ከባሮ ወንዝ የሚያጠምዱትን ዓሣ ገበያ ትሸጣለች። መዳፍ የሚያህል ሕያው አምባዛ፣ ያን ጢማም ዓሣ፣ በባልዲ አመጣችልኝ።

ልጆቹ አበዱ።

«ቲቸር፣ ባልዲው ቤቱ ነው?» አለ አንዱ።

«አይደለም። የዓሣ ቤት ንጹህ ውሃ ነው። ቆሻሻ ውሃ ይገድለዋል» አልኩ።

ሶስና አፏን ከፍታ ትሰማኝ ነበር። ደስ አለኝ። በማግስቱ ወደ ባሮ ልንመልሰው ባልዲውን ይዘን ቤት ገባን።

ሲነጋ ጸሎቴን አድርሼ አንድ ጣሳ ጠበል ጠጣሁ። ፊቴን ልታበስ ጣሳውን እንደገና ስሰድ፣ እንስራው ውስጥ አንድ ነገር እጄን በጥፊ አለኝ።

«በስመ አብ!»

ጩኸቴ ሰፈሩን ቀሰቀሰ። ጣሳው በአንድ በኩል፣ እኔ በሌላ በኩል ወደቅን። ባለቤቴ ከአልጋው ዘሎ መጣ። ጣሳውን አየ፤ እንስራውን አየ፤ መሬት የተዘረጋሁትን እኔን አየ። ጠበሉ ያስጮኸኝ መሰለው።

«ማነህ አንተ? ስምህን ተናገር!» አለ።

«እኔ ነኝ!»

«እኮ ማን?»

«ሚስትህ!»

ይኼኔ እንስራው ውስጥ ቧ! አለ። እሱ ጎንበስ ብሎ አየና በሳቅ ግድግዳ ተደገፈ።

«ይሄ ጋኔን ጢም አለው» አለኝ።

እኔ ግን ሳቅ አልመጣልኝም። እናቴ ያን ያህል ደክማ የላከችው ጠበል! ያውም በሁዳዴ፣ ያውም ቅርፊት ስለሌለው ለእኛ የማይበላው አምባዛ የዋኘበትን ጠጥቻለሁ። ሰባቱ ቀን በሦስተኛው ፈረሰብኝ አልኩ።

«ሶስና!»

በሩ ላይ ቆማለች። «ባልዲው ቆሽሾ ነበር። ይሞትብኝ ነበር። ንጹህ ውሃ ነው ያልሽው አንቺ ነሽ» አለች። ትንሽ አሰበችና ጨመረች። «እኔ አልነካሁትም። ዓሣው ነው የነካው።»

ለቁጣ ያነሳሁት እጅ ወረደ።

ንስሐ አባቴ ዘንድ ሄድን። ሶስና «ዓሣው ከውሃ አይወጣም» ብላ ስላለቀሰች እንስራውን እንዳለ ባጃጅ ላይ ጫንነው። አባ ጎንበስ ብለው ወደ ውስጥ አዩ። ትከሻቸው ሲንቀጠቀጥ የተቆጡ መስሎኝ ነበር፤ ለካ እየሳቁ ነው።

«ዓሣን ውሃ ውስጥ ያኖረው ማነው ልጄ?»

«እግዚአብሔር ነው አባ።»

«ታዲያ ልጅቷ ምን አጠፋች?»

«ጠጥቼዋለሁ እኮ አባ! ጾሜስ?»

«የጠጣሽው ዓሣውን ነው ውሃውን?»

«ውሃውን።»

«በይ ሂጂ። ይህን እግር የማይረግጠው ቦታ አፍስሺው። የቀረሽን አራት ቀን ከዚሁ ከእኛ ትጠጫለሽ። ፈውስ የሚሰጠው ጎጃም አይደለም።»

እግር የማይረግጠው ቦታ ለእኛ ባሮ ነው። አቻላ ዳር ላይ ዓሣ ታጥብ ነበር። የጠዋቱን ጩኸቴን ሰምታ ኖሮ ምክንያቱን ስነግራት እጇን አጨበጨበች።

«አንቺ ቲቸር! እኔ ለትምህርት ሰጠሁ፣ አንቺ አጠመቅሽው?»

አዞ እንዳይኖር ውሃውን በደንብ አየች። እኛን ወደ ኋላ አቁማ እንስራውን ተቀበለችንና ገለበጠችው። አምባዛው ጅራቱን አንዴ አሳይቶን ጠፋ። ሶስና ዘለለች።

«በቃ፣ ባሮ ሁሉ ጠበል ሆነ» አለች አቻላ። «ዛሬ አዞውም ይጮኻል!»

እዚያው አሸዋው ላይ ቁጭ ብዬ እንባዬ እስኪወርድ ሳቅኩ። ከወባው ወዲህ እንደዚያ ስቄ አላውቅም ነበር።

አራቱን ቀን ከቤተ ክርስቲያኑ ጠጥቼ ጨረስኩ። ተመስገን፣ ደህና ነኝ። ክፍል ውስጥ «ዓሣ የት ይኖራል?» ስል ልጆቹ «በቲቸር እንስራ!» ብለው ይጮኻሉ፤ ሶስና ቀድማ። አርማቸዋለሁ፤ መጀመሪያ ግን እስቃለሁ።

የከበደኝ ለእናቴ መናገሩ ነበር። እስከ ፋሲካ ደበቅኳት። የበዓሉ ዕለት በስልክ ነገርኳት። ጠበሏ ያሳዝናታል ብዬ አንገቴን ደፋሁ።

«ዓሣው ግን ተረፈ?» አለችኝ።

«ተርፏል እማዬ። ቤቱ ገብቷል።»

እልልታዋን ለቀቀችው። ስልኩን ከጆሮዬ አራቅኩና እኔም ከጋምቤላ እልል አልኩ።