ባንድ ዓይን የታየ ሲኒማ

ግራ ዓይኔ አያይም። ይህን አስቀድሜ የምናገረው እንዲታዘንልኝ ሳይሆን፣ ቀጥሎ የማወራው ነገር ሁሉ ከሱ ጋር የተያያዘ ስለሆነ ነው። ሕፃን ሳለሁ ኩፍኝ ያዘኝና ሲለቀኝ ዓይኔን ይዞብኝ ሄደ። ብርሃንና ጥላ ይለያል፣ ከዚያ ወዲያ የለም። ሰው ሲያየኝ ቶሎ አያውቅብኝም፤ ያወቀብኝ ደግሞ ጮክ ብሎ ማናገር ይጀምራል፣ ጆሮዬን ያመመኝ ይመስል።

ያደግነው አፍንጮ በር፣ ብዙ ቤተሰብ አንድ ቧንቧ የሚጋራበት ግቢ ውስጥ ነው። አባቴ ፒያሳ የአንድ ግሪክ ኬክ ቤት ውስጥ ኬክ ጋጋሪ ነበር። ግሪኩ አገር ለቆ ሲሄድ ዕቃውን ለሠራተኞቹ አከፋፈለ። ለአንዱ ወንበር፣ ለአንዱ ሚዛን ደረሰው፤ ለአባቴ የልጁን መጫወቻ ሰጠው። አባቴ እየሳቀ ይዞት ሲገባ እናቴ አገላብጣ አየችውና፣ "ሚዛኑን ብትወስድ ምን ነበረበት?" አለችው።

ቀይ ፕላስቲክ ነው። ከኋላው እንደ መነጽር ሁለት የዓይን ቀዳዳ አለው፤ ከላይ ክብ ካርቶን የሚገባበት ክፍተት፣ በቀኝ በኩል ወደ ታች የሚጫኑት እጀታ። ካርቶኑ ዙሪያውን ጥፍር የሚያህሉ ፊልሞች ተሰክተውበታል። ወደ ብርሃን አዙረው ሲያዩበት ባለቀለም ስዕል ይታያል፤ እጀታውን ሲጫኑት ቀጭ ይልና ሌላው ይመጣል። ስሙን የሚያውቅ ስላልነበረ ሲኒማ አልነው። ፒያሳ ያሉት ትልልቆቹ ሲኒማ ቤቶች በር ላይ የሚያባርር ዘበኛ አላቸው፤ የኛ ሲኒማ ዘበኛ አልነበረውም።

ካርቶኑ አንድ ብቻ ነበር፤ በረዶ የለበሰ ተራራ፣ አንገታቸው ላይ ትልልቅ ደወል ያንጠለጠሉ ላሞች፣ ከዋሻ የሚወጣ ባቡር፣ ሌላም ሌላም። አገሩ የት እንደሆነ ዛሬም አላውቅም። ልጁ ደግሞ ብዙ ነው፣ በአንድ ጊዜ የሚያየውም አንድ ሰው ነው። ስለዚህ እናቴ ሕግ አወጣች። ያየ፣ ያየውን ለሌላው ይናገራል።

ልጆቹ ግን መናገር አይሆንላቸውም። ዓይናቸውን ይደቅኑና "በረዶ" ይላሉ፤ ቀጭ፤ "ላም"፤ ቀጭ፤ "ባቡር"፤ ከዚያ ለቀጣዩ ያቀብላሉ። አንዳንዱ እያየ እጁን ወደፊት ሰደድ ያደርግና ደንገጥ ብሎ ይመልሰዋል፤ ዝንብ የሚያባርር ይመስለኝ ነበር። እኔ ተራዬ ሲደርስ ግን ነገሩ ይለወጣል። ባቡሩ ለምን እንዳረፈደ፣ ነጂው ጠዋት ከሚስቱ ጋር በምን እንደተጣላ፣ ደወሉ የከበዳት ላም በሆዷ ምን እንደምታስብ አወራለሁ። ደረጃው ላይ ተደርድረው፣ አፋቸውን ከፍተው ያዳምጡኛል። ከወሎ የመጡት ጎረቤታችን እንኳ የሚለቅሙትን ምስር ይዘው ይጠጉና "ኧረ ቀስ በይ፣ ባቡሩ ደረሰ ወይስ አልደረሰም?" ይሉኛል።

በዚያ ግቢ ውስጥ የኔ የምለው ይህ ብቻ ነበር። ሩጫ አልሆነልኝም። ኳስ በግራ በኩል ሲመጣ የማውቀው ፊቴን ከመታኝ በኋላ ነው። መልኬንም ማንም አድንቆልኝ አያውቅም። ስዕል መናገር ላይ ግን የሚደርስብኝ አልነበረም፤ ይህን ሁሉም ያውቃል፣ እኔም አውቃለሁ፣ አንገቴን ቀና አድርጌ ነበር የምሄደው።

ጎልማሳ ሆኜ የንባብ መነጽር ልገዛ ፒያሳ አንድ መነጽር ቤት ገባሁ። ዓይኔን የመረመሩኝ ጠና ያሉ፣ ጨዋታ የሚወዱ ሰው ነበሩ። ሰው ሁለት ዓይን የተሰጠው ለመለዋወጫ እንዳልሆነ፣ ሩቅና ቅርብ የሚለየው በሁለቱ ተባባሪነት እንደሆነ ሲያስረዱኝ፣ ያ መጫወቻ ትዝ አለኝና ነገርኳቸው።

"እሱማ ለሁለት ዓይን የተሠራ ነው፣ ልጄ" አሉኝ። "በቀኝና በግራ ያሉት ስዕሎች ትንሽ ይለያያሉ። አንድ ላይ ስታያቸው ቅርቡ ወደ አንቺ ይመጣል፣ ሩቁ ይርቃል። ዛፉ ፊትሽ ቆሞ እጅሽን ዘርግተሽ ልትነኪው ይቃጣሻል። ባንድ ዓይን ሲያዩት ግን ተራ ፎቶ ነው።"

መነጽሬን ይዤ ወጣሁ። የልጆቹ እጅ ወደፊት ይዘረጋ የነበረው ለምን እንደሆነ የገባኝ መንገድ ላይ ነው። ያን ዕለት ከፋኝ፤ ቤቴ ገብቼ አለቀስኩ ለማለትም አላፍርም። ከዚያ ፊቴን ታጥቤ ለማንም ላለመናገር ወሰንኩ። ያየሁትን አይቻለሁ። ማንም መጥቶ አላየሽም ሊለኝ አይችልም።

ግቢያችን ዛሬ የለም። በቦታው ሰፊ የእግረኛ መንገድ፣ ሣርና መብራት አለ፤ አያምርም አልልም። ሰዉ በየኮንዶሚኒየሙ ተበተነ። አባቴ ቀድሞ አርፎ ነበር፤ እናቴ ታናሽ ወንድሜ ጋ ገባች፣ እዚያው አረፈች፣ ዕቃዋም እሱ ጋ ቀረ። ሲኒማውን አንድ ሁለት ጊዜ ጠይቄው "እፈልግልሻለሁ" ብሎኛል። ለልጆቼ ስነግራቸው ይስቁብኛል፤ ለአንድ ፕላስቲክ ይህን ያህል ናፍቆት፣ ስልክ ላይ ሁሉ ነገር አለ እኮ ይሉኛል። አለ። ግን ስልኩን ሁሉም አንገቱን ደፍቶ ለራሱ ያያል፤ ያየ ለሌላው አይናገርም።

በቀደም ከጊዮርጊስ ወጥቼ ከምኒልክ አደባባይ ቁልቁል ስወርድ አንድ አዲስ ካፌ ገባሁ። ግድግዳው ሙሉ የድሮ ዕቃ ነው። የሚሽከረከር ቁጥር ያለው ስልክ፣ የጽሕፈት መኪና፣ የከሰል ካውያ፣ ሸክላ ማጫወቻ። ቤቶቹ ፈርሰው ዕቃዎቻቸው ካፌ ገብተዋል ብዬ በሆዴ ሳቅኩ። ማኪያቶዬን አዝዤ ቀና ስል ከባንኮኒው በላይ፣ መደርደሪያው ላይ፣ ሲኒማችን ተቀምጧል። ወንድሜ በልጅነቱ ቡታጋዝ አጠገብ ትቶት የቀለጠው ጥግ ሳይቀር ያው ነው። አጠገቡ "አይነካም" የሚል ወረቀት ተለጥፏል።

"ያ ምንድን ነው?" አልኩት የካፌውን ባለቤት። ሸሚዙን በሥርዓት የተኮሰ ወጣት ነው።

"የድሮ ካሜራ ነው፣ ማዘር።"

"ፎቶ ያነሳል?"

"አይሠራም። ለእይታ ብቻ ነው።"

"ለእይታ መሆኑንማ አውቃለሁ። አምጣው ልየው።"

ይቅርታ ጠየቀኝ፤ አይነካም አለኝ፣ ወረቀቱን አሳየኝ። ማንበብ የምችል መሆኔን ነግሬው ወንበር ሳብኩ፣ የጉልበቴን ነገር ረስቼ ወጣሁበትና አወረድኩት። ካፌው ውስጥ የነበረው ሰው ሁሉ ዞሮ አየኝ። ይየኝ።

"ማዘር፣ የሰው አደራ ነው። አንድ ደንበኛዬ ናቸው የሰጡኝ።"

"ደንበኛህ ወንድሜ ነው። ደውልለት።"

ደወለ። የማኪያቶው ማሽን ስለሚጮህ የስልኩን ድምፅ ከፍ አድርጎ ባንኮኒው ላይ አስቀመጠው። ወንድሜ ነገሩን ሰምቶ ትንሽ ሳቀ።

"ስጣት፣ ስጣት" አለው። "እታለም፣ እኔ እኮ ምን ያደርግላታል ብዬ ነው። ባንድ ዓይን ሲያዩት ተራ ፎቶ ነው።"

የመነጽር ቤቱን ሰውዬ ቃል ቃል በቃል ከወንድሜ አፍ ሰማሁት። "አንተ ይህን ማን ነገረህ?" አልኩት።

ያመለጠው ቃል አሁን ገና ገባው። ወሬ ሊቀይር ሞከረ። ወሬ ቀይረህ አታመልጠኝም ስለው መናገር ጀመረ። አባታችን ዕቃውን ያመጣ ዕለት እናታችን አንድ ዓይኗን ጨፍና አየችበት። በማግስቱ እኔ ቧንቧ ጋ ወረፋ ስጠብቅ የግቢውን ልጆች በሙሉ ሰበሰበቻቸው። "ብቅ አለ፣ ቀረበኝ፣ ልነካው ነው የሚል ልጅ ሁለተኛ ይህን ዕቃ አያይም" አለቻቸው። "ያያችሁትን ስሙን ብቻ ተናገሩ።"

በረዶ፣ ላም፣ ባቡር። ለካ መናገር አቅቷቸው አልነበረም።

እናቴን ተቀየምኳት። የሞተን ሰው መቀየም ምን እንደሚጠቅም አላውቅም፣ ግን እዚያው ቆሜ ተቀየምኳት። አንድ ዓይኗን ጨፍና ስታይ በዓይኔ መጣችብኝ፤ ሆዴ ባባ፤ ያ ደግሞ ይበልጥ አናደደኝ። ሌላ ሁሉ ይቅርብኝ ብዬ የያዝኳት አንዲት ነገር ነበረችኝ። ያቺም አሁን ሌሎቹ አፋቸውን ይዘው ለኔ የተዉልኝ ልትሆን ነው።

"ስለዚህ ስታዳምጡኝ የነበረው አዝናችሁልኝ ነው?" አልኩት። መልሱን ሳልጠብቅ ቀጠልኩ። "ልጅ አዝኖ ከሰዓት በኋላውን ሙሉ ፀሐይ ላይ አይቀመጥም። እማዬ አፋችሁን ልትዘጋ ትችላለች፤ ጆሯችሁን ደረጃው ላይ የጎለተችው ግን እሷ አይደለችም። እኔ ነኝ።"

ይህን ያህል ደፍሬ ስናገር ውስጤ እርግጠኛ አልነበረም። ዕቃውን ጨብጬ ያዝኩ።

"ማን አዘነልሽ?" አለ ወንድሜ። "እንዲያውም እንዳትስቂብኝ እንጂ አንድ ነገር ልጠይቅሽ። ያቺ ጀልባ ላይ ያለችው ሴትዮ ቀለበቷን አገኘችው?"

"የቷ ሴትዮ?"

"እጇን ውሃ ውስጥ የከተተችው ናታ። ባሏ የሰጣት ቀለበት ወልቆባት ስትፈልግ። ልትጨርሽልን ስትይ ዝናብ መጣና ገባን፤ ከዚያ በኋላ ተረሳ። ሽማግሌ ሆኜም አልፎ አልፎ ትዝ ትለኛለች፤ መጠየቁን ግን አፈርኩ። ካርቶኑ እዚያው ውስጥ ነው ያለው። እስቲ እይልኝ።"

ወደ በሩ ዞሬ ብርሃን ላይ አነሳሁት። እጀታው አልተበላሸም፣ ቀጭ ይላል። ተጫንኩ፣ ተጫንኩ፣ ሴትዮዋ መጣች። ቢጫ ቀሚስ ለብሳለች፣ እጇ እስከ አንጓዋ ውሃው ውስጥ ነው፣ ፊቷ ፈገግ ብሏል። ቀለበት የለም። ባልም የለም። ኖረውም አያውቁም። ወንድሜ በሁለት ዓይኑ ያን ውሃ እስከ አገጩ ድረስ ሲመጣ አይቶታል፤ ይህን ሁሉ ዘመን የያዘው ግን ቀለበቱን ነው።

"አየሽው?" አለኝ በስልኩ።

"ዝም በል" አልኩት። "ገና እያየሁ ነው።"