የማዶ ቁልፍ

አባቴ ፀጉር አስተካካይ ነበር። ከመንገዱ ማዶም ሌላ ፀጉር አስተካካይ ነበር። የልጅነቴ በጋ በሙሉ ያለፈው በእነዚህ ሁለት ሰዎች መካከል በተዘረጋችው ጠባብ አስፋልት ላይ ነው ብል ማጋነን አይሆንብኝም።

የሰውየውን ስም ቤታችን ውስጥ የሚጠራው አልነበረም። አባቴ «ማዶ» ነው የሚለው። «ማዶ ዛሬ በጠዋት ከፈተ»፣ «ማዶ አዲስ መስታወት አስገባ»፣ «ማዶን እዩት፣ ሰው ከመንገድ ላይ እያባበለ ያስገባል!» እኔ ነፍስ እስካውቅ ድረስ እናቱ ያወጣችለት ስም ይመስለኝ ነበር። ኋላ ስሰማ ለካ እሱም ቤቱ ገብቶ አባቴን የሚያማው «ማዶ» እያለ ነው።

የአባቴ ሱቅ አንድ ክፍል ነው። በመንገዱ በኩል ሰፊ መስኮት፣ ከመስኮቱ ሥር አግዳሚ ወንበር፣ ግድግዳው ላይ ጠርዙ የተሸረፈ መስታወት፣ መሃል ላይ ደግሞ በተሽከረከረ ቁጥር የሚያቃስት ጥቁር የቆዳ ወንበር አለ። የምንኖረው ከሱቁ ጀርባ ስለሆነ የሳሙናውና የአልኮሉ ሽታ ትራሳችን ድረስ ይመጣ ነበር። ዛሬም ያን ሽታ የትም ልሽተተው ያ ትራስ ትዝ ይለኛል።

በጋ ለፀጉር አስተካካይ የአዝመራ ጊዜ ነው። ሙቀቱ ሲጠና ፀጉር ይከብዳል፤ ትምህርት ቤት ለግማሽ ዓመት እረፍት ሲዘጋ እናቶች ልጆቻቸውን እየጎተቱ ያመጣሉ፤ የቢሮ ሠራተኛው ደግሞ ከምሳ ሰዓቱ ቆርሶ ፂሙን ሊላጭ ብቅ ይላል። ዋናው ገበያ ቀትር ላይ ነው። ቀትር ላይ ግን ያ ጣሪያው ቆርቆሮ የሆነ ክፍል እንደ ምድጃ ይግላል። አባቴ እዚያ ውስጥ ቆሞ ይውላል። ላቡ ደንበኛው ላይ እንዳይንጠባጠብ አንገቱን ወደ ጎን ሰበር አድርጎ ነበር የሚሠራው። አንገቱም እንደዚያው ቀረ፤ ካረጀ በኋላም ሰውን የሚያየው በጎን ነው፣ የማያውቁት ኩሩ ይሉታል።

እግሩ ማበጥ፣ ራሱን ማዞር ሲጀምረው እናቴ እየጎተተች ሐኪም ዘንድ ወሰደችው። ሐኪሙ የደም ግፊቱን ለካና «በዚህ ሙቀት ቀትር ላይ መቆም ይብቃዎት። ይዝጉና ይተኙ። አለዚያ አንድ ቀን መቀስዎን እንደያዙ ይቀራሉ» አለው። አባቴ «እሺ» ብሎ ተመለሰ። አባቴ እሺ ማለት አይቸግረውም።

«ታዲያ መቼ ነው የምትዘጋው?» አለችው እናቴ በማግስቱ።

«ማዶ ሲዘጋ።»

«ማዶ ካልዘጋስ?»

«እኔ ብዘጋ እኮ ደንበኛዬ ሁሉ መንገድ ተሻግሮ እሱ ጋ ነው የሚቀመጠው። አንዴ የሄደ አንገት ደግሞ አይመለስም።»

«የራስህ አንገትስ?» አለችው።

እናቴ ብታለቅስም ብትቆጣም አልሆነላትም። በመጨረሻ አባቴ ራሱ መላ ዘየደ። መላውም አጎቴ ነበር። አጎቴ የእናቴ ታናሽ ወንድም ነው፤ ሥራ ልፈልግ ብሎ እኛ ቤት መጥቶ፣ ሥራውም ሳያገኘው እሱም ሥራውን ሳይፈልገው ስንት በጋ የከረመ ሰው። ቀትር ሲሆን አባቴ አጎቴን ወንበሩ ላይ ያስቀምጠዋል፤ ነጩን ጨርቅ አንገቱ ላይ ያስርለታል፤ ፊቱን በአረፋ ይለቀልቀዋል። የራሱን ነጭ ጋዋን ያወልቅና ከወንበሩ አጠገብ ካለው የኮት መስቀያ ላይ ያንጠለጥለዋል። ከዚያ እሱ ከመስኮቱ ሥር አግዳሚው ላይ ይጋደማል። ከመንገዱ ማዶ ሆኖ ለሚያይ ባለሙያው ቆሟል፣ ደንበኛው ተቀምጧል፣ ሥራ ደርቷል።

አባቴ አጎቴን «ቋሚ ደንበኛዬ» ይለው ጀመር። እናቴ ደግሞ «አንተም ተኝተህ የምትሠራው ሥራ አገኘህ» ትለዋለች። አጎቴ ግን ኮራ፤ ከምሳ በኋላ ውሃ እንኳ ቅዳልኝ ብትለው «ሥራ ልገባ ነው» ማለት አመጣ።

ችግሩ አባቴ የሚተኛው ለስሙ ብቻ መሆኑ ነው። ዓይኑን ጨፈን እንዳደረገ ማዶ ትዝ ይለዋል። ብድግ ይልና በመስኮቱ ጠርዝ አንገቱን ብቅ ያደርጋል። ማዶ ወንበር ላይ ምንጊዜም ሰው አይጠፋም፤ ፎጣ የተጠመጠመበት ራስ፣ አረፋ የተቀባ አገጭ። «ይኸው! እኔ ስተኛ እሱ ይሠራል!» ይልና ይጋደማል፤ እንደገና ብድግ ይላል። ሲብስበት አጎቴን ከወንበሩ አስነስቶ አላፊ አግዳሚውን መጥራት ይጀምራል። እንዲህ ካለው እንቅልፍስ ቆሞ መዋሉ ይሻል ነበር።

አንድ ቀትር በረዶ ግዢ ተብዬ ተልኬ ስመለስ መንገዱ መሃል ደርሻለሁ። የአባቴ ራስ እንደ ልማዷ በመስኮቱ ጠርዝ ብቅ አለች። ቶሎ ግን አልተመለሰችም። እጁ መጋረጃውን ጨበጠ፤ መጋረጃው ከነዘንጉ ተነቅሎ አብሮት ወደ ታች ወረደ። እኔ በረዶዬን እንዳቀፍኩ ደርቄ ቀረሁ። በመስኮቱ ውስጥ አጎቴ ይታየኛል፣ ንቅንቅ አላለም። ሥራ ላይ ነበር።

ይኼኔ የማዶ በር ተበረገደ። ሰውየው የአረፋ ብሩሹን እንደያዘ በአጠገቤ በርሮ አለፈ። ከኋላው ደግሞ ራሳቸው ላይ ፎጣ የተጠመጠመ፣ አንገታቸው ላይ ነጭ ጨርቅ የታሰረ፣ አገጫቸው በአረፋ የተሸፈነ አሮጊት «ምን ሆነ? ልጄን ምን ነካው?» እያሉ ዱብ ዱብ ይላሉ። የማዶ አማት ነበሩ።

ስገባ ማዶ የአባቴን እግር አግዳሚው ላይ ሰቅሎ፣ ሸሚዙን ከፍቶ፣ በጋዋኑ እያራገበለት ነው። «አንቺ ልጅ፣ በረዶውን ወዲህ በይ!» አለኝና አንገቱ ሥር አደረገለት። አጎቴ ከነአረፋው ተነስቶ አማትየውን ያያል፤ አማትየው ከነአረፋቸው አጎቴን ያዩታል። ያን ሰዓት የሚስቅ አልነበረም። በኋላ ግን ዓመት ሙሉ ተሳቀበት።

ብዙ ጊዜ አስቤዋለሁ። በዚያ ቀትር አባቴን ዓይኑን ሳይነቅል የሚያየው ሰው በዓለም ላይ አንድ ብቻ ነበር፤ እሱም ጠላቴ የሚለው ሰው ነው።

ክሊኒኩ ውስጥ አባቴ ዓይኑን ሲገልጥ እናቴና እኔ በአንድ በኩል፣ ማዶ በሌላ በኩል ቆመናል። እኛን አላየንም።

«ሱቁን ማን ዘጋው?» አለ።

«እኔ» አለ ማዶ።

«ያንተንስ?»

«እሱንም እኔ።»

«ሁለቱም ተዘግተዋል?»

ማዶ ሁለቱን ቁልፎች ከኪሱ አውጥቶ ዓይኑ ሥር አንሿሿለት። «ሁለቱም።»

አባቴ ወደ ግድግዳው ዞረና ተኛ። እናቴ እስኪመሽ ድረስ ትንፋሹን እያዳመጠች ተቀመጠች። ከተጋቡ ጀምሮ ቀን ቀን እንዲህ ሲተኛ አይታው አታውቅም ነበር፤ ፈርታለች።

ለሽምግልና ያህል ቤታችን የተሰበሰብነው አባቴ ከአልጋ ከተነሳ በኋላ ነው። ማዶ አንገቱን ደፍቶ የእሱም ልብ ደካማ እንደሆነ፣ የእሱም ሐኪም ተኛ እንዳለው፣ እሱም ወለሉ ላይ ምንጣፍ አንጥፎ እየተጋደመ «ማዶ ሲዘጋ እዘጋለሁ» እያለ እንደከረመ ተናዘዘ። አማቱ ግን መታገስ አልቻሉም።

«እናንተ ሰዎች ወግ አታውቁም!» አሉ። «ፂም የሌለኝ ሴትዮ በስተርጅና በየቀኑ አረፋ ስቀባ ከረምኩ! ቆዳዬ ተላጠ! በሉ ከነገ ጀምሮ ቀትር ሲሆን ሁለታችሁም ትዘጋላችሁ።»

«እኔ ብዘጋ እሱ በጓሮ ሰው ያስገባል» አለ አባቴ።

«እሱም ያስገባል» አለ ማዶ።

«እንግዲያው ቁልፍ ተለዋወጡ» አሉ አሮጊቷ። «አንተ የሱን ያዝ፣ እሱ ያንተን ይያዝ። ከዚያ ማን እንደሚያጭበረብር እናያለን።»

እንዲህ ተጀመረ። ቀትር ሲሆን ሁለቱም ሱቃቸውን ቆልፈው መንገዱ መሃል ይገናኛሉ። ሰላምታ የለም፣ ወሬ የለም። አንዱ ቁልፉን ያቀብላል፣ ሌላው ይቀበላል፣ ሁለቱም ወደ እንቅልፋቸው ይሄዳሉ። ፀሐይዋ ዘንበል ስትል እዚያው ቦታ ተገናኝተው ይመላለሳሉ። መጀመሪያ መጀመሪያ ሲለዋወጡ ፊታቸው እንደ እስረኛ ነበር። እየዋለ እያደረ ግን መመለሻቸው ላይ ቆም ማለት፣ ቀጥሎም መሳቅ አመጡ።

ደንበኛውም ለመደ። አንድ ጊዜ ሙሽራ በቀትር እያለከለከ መጥቶ «አባቴ ይሁኑ፣ ሙሽሪት እየጠበቀችኝ ነው» ቢለው፣ አባቴ ከአልጋው ሳይነሳ «ቁልፉ ማዶ ጋ ነው» አለው። ልጁ ተሻግሮ ማዶን ቢቀሰቅሰው «የኔም እሱ ጋ ነው» አለው። ጥላ ሥር ቁጭ ብሎ እስኪነቁ ጠበቀ። ሲነቁ አዘኑለትና ሁለቱም አንድ ላይ ተረባረቡበት፤ አባቴ ፀጉሩን፣ ማዶ ፂሙን። እንደዚያ አምሮ የሄደ ሙሽራ አላየሁም።

የእነዚያ በጋዎች ቀትር ይናፍቀኛል። መንገዱ ጭር ይላል፤ ከጓዳ የአባቴ ማንኮራፋት ይሰማል፤ እናቴ የቤታችን መስኮት ሥር ተቀምጣ ፎጣ ታጥፋለች፤ አጎቴ ሥራውን ተነጥቆ ያኮረፈ መስሎ ይተኛል። ማንም ማንንም አይጠራም። ያን ጊዜ ሀብታም እንደነበርን የገባኝ የራሴን ሱቅ ከከፈትኩ በኋላ ነው።

የኔ ሱቅ ሌላ ከተማ ነው፤ መጋረጃ እሰፋለሁ። በጋ ሲመጣ ሰው ቤት ይቀይራል፣ ሰው ያገባል፣ ሁሉም መጋረጃው ትናንት እንዲደርስለት ይፈልጋል። ምሳዬን ከማሽኑ ጎን ቆሜ እበላለሁ። እናቴ በስልክ «ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» ስትለኝ እሺ እላለሁ። እሺ ማለት እኔንም አይቸግረኝም፤ የማን ልጅ ነኝ?

ባለፈው በጋ ማዶ ሞተ። ቀትር ላይ ተኝቶ በዚያው ቀረ። አባቴ መንገዱ መሃል ቆሞ ሲጠብቀው ቆየ። «ማዶ ዛሬ እንቅልፍ ጣለው» እያለ ሳቀ። ቆይቶ ሳቁን ተወና ሊቀሰቅሰው ሄደ። የኛ ቁልፍ በሰውየው ሸሚዝ ኪስ ውስጥ ነበር።

ከቀብሩ በኋላ ብዙም ሳይቆይ እናቴ ደወለች። «አባትሽ እንደገና ቀትር መሥራት ጀምሯል። ዝጋ ስለው ቁልፌን ማን ይይዘዋል ይለኛል። እኔ ልያዝልህ ብለው፣ አንቺ ሱቅ የለሽም አለኝ። እግሩ አብጧል ልጄ። መጥተሽ አንድ በይው።»

ለአንድ ቀን ብቻ ብዬ ሄድኩ። ከሰዓት በኋላ በሚነሳው አውቶቡስ ልመለስ ነው፤ ግማሽ የተሰፋ ሥራ ማሽኑ ላይ ትቼ ነው የመጣሁት፤ ስልኬም ደንበኞች እየደወሉበት እጄ ላይ ይንቀጠቀጣል። ቀትር ሲሆን ሱቁ ገባሁ። አባቴ የመጨረሻውን ደንበኛ ሸኝቶ፣ መስኮቱ ጋ ቆሞ የተዘጋውን የማዶን በር በጎን ያያል። ግድግዳውን በእጁ ተደግፏል።

«አባዬ፣ ዝጋና ቁልፉን ስጠኝ።»

«አንቺ ደግሞ ማዶ ሆንሽ?» ብሎ ሳቀ። ሳቁ ግን ዓይኑ ድረስ አልደረሰም።

«የሚይዝልህ ከጠፋ እኔ እይዝልሃለሁ። አትተኛም እንዴ? ልትሞትብን ነው?»

ከዚያ ጋዋኑን አወለቀ፣ በሩን ቆለፈ፣ ቀስ እያለ መንገዱ መሃል ድረስ ሄደ። ተከተልኩት። ቁልፉን ዘረጋልኝ። ልቀበል እጄን ብሰድ መልሶ ጨበጠው።

«ማዶ ባዶ እጁን መጥቶ አያውቅም» አለ። «ያንቺስ?»

«የኔ ምን?»

«የሱቅሽ ቁልፍ።»

«አባዬ፣ የኔ ሱቅ እኮ እዚህ አይደለም። አውቶቡሱ ሊሄድብኝ ነው፣ ሰው ይጠብቀኛል…»

«እኔንም ሰው ይጠብቀኛል» አለና ሌላውን መዳፉን ዘረጋ። ዓይኑ ሥር ያለው ድካም የእሱ ብቻ አልመሰለኝም፤ ጠዋት መስታወት ላይ ያየሁት የራሴም ነው። አንድ መኪና ጡሩንባ ነፋብን። አልተንቀሳቀሰም።

ቦርሳዬን ከፍቼ ቁልፌን አወጣሁና መዳፉ ላይ አኖርኩለት። የሱን ሰጠኝ። የኔን ከማበጠሪያው ጎን ደረት ኪሱ ውስጥ ከተተና በግቢው በር ዞሮ ወደ ጓዳ ገባ። ብዙም ሳይቆይ ያ ማንኮራፋት ተሰማ።

እኔም ስልኬን አጠፋሁና እናቴ አጠገብ ጋደም አልኩ። ፀሐይዋ ዘንበል ስትል ቀስቅሶኝ መንገዱ መሃል ቁልፉን ተቀበለኝ። የኔን ግን አልመለሰልኝም።

«ያንቺ ሱቅ ሩቅ ነው» አለ። «ነገ ትወስጂዋለሽ።»