በውሸት የወሰድኩት ይቅርታ

ይህን ከእኔ በቀር የሚያውቅ የለም። ግማሹን ለማኅበርተኞቼ ተናግሬያለሁ፤ እነሱም ሙሉውን የሰሙ መስሏቸው ይቅር ብለውኛል። አሁን የምነግራችሁ የቀረውን ግማሽ ነው።

ካምፓላ፣ ካባላጋላ የሚባል ሰፈር ትንሽ ምግብ ቤት አለኝ። በወር በወር የእመቤታችንን ጽዋ የምንጠጣ አሥር የማንሞላ ሰዎች ነበርን። ሁለተኛው የኮሮና እገዳ ሲመጣ ቤተ ክርስቲያኑ ተዘግቶ፣ መሰብሰብም ተከልክሎ ሳለ ተራው የእኔ ሆነ። ይቅርብን ያሉ ነበሩ። እኔ ግን ጽዋው በእኔ ተራ እንዲታጎል አልፈለግሁም። ኑ አልኩ፤ መጡ።

ከዋዜማው ጀምሮ ጉሮሮዬን ይከረክረኝ፣ ወገቤን ይቆረጥመኝ ነበር። ዳቦው ተጋግሯል፣ ጠላው ደርሷል ብዬ ዝም አልኩ። የምግብ ቤቱን በር ዘግተን ተቀመጥን። ሳሌ ሲመጣ ጓዳ እየገባሁ አፌን በነጠላዬ አፍኜ ሳልኩ። ጽዋውን መጀመሪያ ከእጄ ተቀብለው የጠጡት ጋሽ ተካ ነበሩ፤ ጋራዥ ሲሠሩ ያረጁ፣ ሚስታቸውን እዚሁ ካምፓላ የቀበሩ፣ ከእኛ ሌላ ዘመድ የሌላቸው ሽማግሌያችን።

ሳምንት ሳይሞላ ጋሽ ተካ ሆስፒታል ገቡ። እኔም ደንግጬ ክሊኒክ ሄጄ ተመረመርኩ። ኮሮና ነበረብኝ። ለማንም አልተናገርኩም። እኔ ዳንኩ፤ እሳቸው ሞቱ።

ከቀብሩ ማግስት ጥሩወርቅ የምትባል ማኅበርተኛችን ደወለችልኝ።

«ዘነበች ናት አይደል ያመጣችብን? ኦዊኖ ስትጋፋ እየዋለች!»

ዘነበችም ያን ዕለት አብራን የጠጣች ማኅበርተኛችን ናት፤ ያኔ ኦዊኖ ገበያ ሰልባጅ ልብስ ትሸጥ ነበር። ከልጇ ጋር ናሙዎንጎ ሰፈር ነው የምትኖረው። በዚያ ሰሞን አንድ ቀን እንኳ አላሳላትም። ይህን እያወቅኩ እኔ ምን አልኩ? «ይሆናል» አልኩ። ማን አስገደደኝ? ማንም።

ወሬው በአንድ ቀን ተዳረሰ። ስልኳን የሚያነሳ፣ ሰላም የሚላት ጠፋ። እሷም በእግሯ እኔ ዘንድ መጣችና በሩ ላይ ቆመች።

«እትዬ፣ እውነት ጋሽ ተካን የገደልኳቸው እኔ ነኝ?»

«እግዚአብሔር ያውቃል» አልኳት። እኔም አውቅ ነበር። አንገቷን ደፍታ ሄደች፤ ከዚያ ወዲያ ወደ ማኅበሩ አልመጣችም።

በዓመቱ እገዳው ተነስቶ እንደገና ስንሰበሰብ የሷ ቦታ ባዶ ነበር። ጽዋው እኔ ጋ ሲደርስ ሳልጠጣ አስቀመጥኩት። «ያን ቀን እኔ አሞኝ ነበር። በሽታው ከእኔ የመጣ ይመስለኛል» አልኩ።

 ጥሩወርቅ ማልቀስ ጀመረች። «ጓዳ ገብተሽ ሲያስልሽ ሰምቼ ነበር። ድግስሽን እንዳላበላሽ ብዬ ዝም አልኩ።» ሌላውም እኔም ሰምቻለሁ አለ። ደግሞ ሌላው፣ እየተከለከልን የመጣነው በገዛ እግራችን ነው፣ ጥፋቱ የሁላችንም ነው አለ። ተመርምሬ አውቄ ነበር ማለት የነበረብኝ ያኔ ነው። አላልኩም። ጥፋቱ ለሁላችን ሲከፋፈል የእኔ ድርሻ ቀለለና፣ እፎይ አልኩ። እነሱ የሰሙት ሳል ነው። እኔ ግን የማውቀውን አውቄ ሰው አስኮነንኩ። ይህ እንዴት እኩል ይሆናል?

ተያይዘን ናሙዎንጎ ሄድን፤ እግሯ ላይ ወደቅን። ዘነበች ሁላችንንም አንድ በአንድ እያነሳች ሳመችን። እኔ ጋ ስትደርስ ቆም አለች።

«እትዬ፣ ያን ቀን በርዎ ላይ ስጠይቅዎ ያውቁ ነበር?»

«ጠረጠርኩ እንጂ አላወቅኩም» አልኳት።

አመነችኝ። አቅፋ ሳመችኝ።

አሁን በየወሩ ከጎኔ ነው የምትቀመጠው። በቀደም አሞኝ ስተኛ ከሁሉ ቀድማ የጠየቀችኝ እሷ ናት፤ ሾርባ ይዛ መጥታ ትራሴን አቃንታ ሄደች።

ፈርቼ ነው ብዬ አላመካኝም። የማኅበሩን ጥፋት ማኅበሩ ተሸክሞታል። «ይሆናል» ያልኩት ግን እኔ ነኝ፤ «አላወቅኩም» ያልኩትም እኔው ነኝ። ይቅር ያለችው ሌላ ሴትን ነው፤ እውነቱን ያላወቀችዋን። እሁድ ሄጄ እነግራታለሁ፣ ብቻዬን። ሁለተኛ ይቅር ባትለኝ አልፈርድባትም።