አባቱን የለወጠው ሮማዊ

የባለቤቴን ልጅ ለትምህርት ቤቶች የታሪክ ውድድር ከሳን ሆዜ ወደ ኦክላንድ እየወሰድኳት ነበር። ከአራት ዓመቷ ጀምሮ ያሳደግኳት እኔ ነኝ። ከስሟ ቀጥሎ የሚጠራው ግን አንድ ቀን እንኳ ኮል አድርጎላት የማያውቀው ወላጅ አባቷ ነው። ምን ይደረጋል፣ አባት አባት ነው።

ኤይት ኤይቲ አውራ ጎዳና ላይ ትራፊኩ ቀጥ አለ።

«ጋሼ፣ ፕራክቲስ ላድርግብህ?» አለችኝ።

«እስኪ በይው።»

የምታቀርበው ስለ አንድ የጥንት ሮማዊ ባላባት ነው፤ ፖለቲከኛ። ሰውየው ሴቶች ብቻ ወደሚያመልኩበት ቤት የሴት ልብስ ለብሶ ሰተት አለ። ተከሰሰ። ዳኞቹን በጉቦ አፋቸውን አዘግቶ በነጻ ወጣ።

«ወይ ጉድ! ሌላ ሰው አጥተሽ ነው?»

«ቆይ፣ ገና ነው!»

ቀጥሎ የተራው ሕዝብ ተጠሪ የሚባል ሹመት አማረው። ባላባት ደግሞ ለዚያ መወዳደር አይችልም። ምን ቢያደርግ ጥሩ ነው? በዕድሜ የሚያንሰውን አንድ ተራ ሰው አባት አድርጎ በሕግ የጉዲፈቻ ልጁ ሆነ!

መሪውን በጥፊ መታሁት። «አባት እኮ ሸሚዝ አይደለም! እኛ በአባታችን ስም ተጠርተን በአባታችን ስም ነው የምንቀበረው። አባቱን የለወጠ ምን የማይለውጠው አለ? ሞት ይንሰው!»

«ሞቷል። ጠላቶቹ መንገድ ላይ ገደሉት።»

«ይበለው!»

ፊቷን ወደ መስኮቱ አዞረች። ለሮማዊው የተቆረቆረች መሰለኝና ሳቄ መጣ።

«ምነው፣ አኮረፍሽ?»

ሲከፋት እንደምታደርገው በእንግሊዝኛ ጀመረች። ባለፈው ወር አሥራ ስምንት ዓመት ሞላት። ትልቅ ሰውም በጉዲፈቻ ልጅ መሆን እንደሚችል ጠይቃ ተረድታለች። ለእናቷ እንኳ አልነገረችም።

«ዛሬ ካሸነፍኩ ልጠይቅህ ነበር» አለች፤ ይቺን በአማርኛ። «አሁን ተወው።»

ደነገጥኩ። ያን ሁሉ የተሳደብኩት ማንን ነው?

«ሰውየው የፈለገው ሹመት ነው» አለች፣ እንባዋ እየመጣ። «እኔ ግን አባት ነው የፈለግሁት።»

ከፊታችን ያሉት መኪኖች ሄደዋል። ከኋላ ያለው ጡሩምባውን ለቀቀው፤ እግሬ ግን ፍሬኑ ላይ ደርቆ ቀረ።

«ካላሸነፍሽስ?» አልኳት፣ ወደ እሷ ዞሬ። «ካላሸነፍሽ አትጠይቂኝም?»