ለማያውቋቸው ሰዎች ዱዓ

አያቴ የሞተ ሰው ስም በሰሙ ቁጥር፣ ዘመድም ይሁን ባዳ፣ «አላህ ይዘንለት» ሳይሉ አያልፉም ነበር።

አጎታቸው በወጣትነታቸው ከመካነ ሰላም ወረኢሉ ሄደው እዚያው ቀርተዋል። አምና የእሳቸውን ዘር ለመፈለግ አያቴን ይዤ አዲስ አበባ፣ ቤተ መዛግብት ሄድኩ። በንባብ ክፍሉ የወረኢሉን የድሮ የመሬት ግብር መዝገብ ሳነብላቸው በየስሙ ዱዓ ያደርጉ ጀመር።

ሠራተኛዋ መጥታ «አባቴ፣ እዚህ ድምፅ አይፈቀድም» አለቻቸው።

«ስማቸውን ጠርተን ዝም ብለን እንለፋቸው፣ ልጄ?» አሏት። ፈገግ ብላ ተወቻቸው።

የአጎታቸው ስም ላይ ስንደርስ ግን ድምፃቸው ከፍ አለ። «ሙሄ ይመር! አላህ ይዘንላቸው!»

ከፊት ለፊታችን ስለ ወረኢሉ ታሪክ ታነብ የነበረች ሴት ብድግ አለች። «የወረኢሉው ሙሄ? የእናቴ አባት ናቸው!»

አያቴ እጇን ይዘው አለቀሱ።

ዘንድሮ እሳቸውም አረፉ። በራችን አጠገብ ያለው መደባቸው ባዶውን ቀረ፤ እዚያ ለመቀመጥ የደፈረ አልነበረም። ያቺ ሴት ልጆቿን ይዛ ከወረኢሉ ለቅሶ ስትመጣ፣ ልጆቹ ሄደው መደቡ ላይ ቁጭ አሉ። ደንግጣ ልታስነሳቸው ስትል እናቴ ክንዷን ያዘቻት።

«ተያቸው እህቴ፣ የዘመዳቸው ቤት አይደል?»