ጋሻዬ ያቆመው ሞተር

የብልባላው ጋሻዬ ሙያውን የለመደው ኦጋዴን፣ የጋዝ ጉድጓድ ላይ ነው። የጋዝ ጉድጓድ ምን ያህል እንደሚሰጥ የሚታወቀው ተከፍቶ ሲለቀቅ ነው፤ የሚወጣው ጋዝ እየተቃጠለ፣ ግፊቱ የት ወርዶ እንደሚረጋ ቀንና ሌሊት ይጠበቃል። እዚያ በረሃ ያ ሁሉ እሳት ሲነድ አይቶ «ኧረ ተው» ያለው ሰው አልነበረም። አገሩ ተመልሶ የውኃ ጉድጓድ መለካት ሲጀምር ሥራው ያው መሰለው።

ብልባላ ላይ ጉድጓድ ሲቆፈር ሙከራውን ለእሱ ሰጡት፣ የአገሩ ልጅ ነዋ! ሞተሩ ተነሣ፣ ቄሱ ባረኩ፣ እልልታው ቀለጠ። ሰው ያለውን ዕቃ ሁሉ ሞላ፣ አህያውን አጠጣ። ውኃው ግን መውጣቱን አላቆመም፤ ትርፉ ወደ ገደሉ ይወርድ ጀመር። በማግስቱ እልልታው ጠፋ። መቼም አንድ ጀሪካን ለመቅዳት ግማሽ ቀን የምትሄድን ሴት፣ ወንዝ የሚያህል ውኃ ገደል ሲገባ ቆመሽ እዪ ማለት ጭካኔ ነው።

እናቱ ስትሞት ያሳደጉት አክስቱ እትዬ ይማርሽ ነጠላቸውን አደግድገው መጡ።

«ጋሻዬ፣ ይኼ ኃጢአት ነው። አቁመው።»

«እየለካሁ ነው፣ እትዬ። ውኃው ጉድጓዱ ውስጥ ገና እየወረደ ነው። የት ላይ እንደሚረጋ ካላየሁ ምን ያህል እንደሚሰጠን አላውቅም።»

«ሰጠን እኮ! ከዚህ በላይ ምን ልታይ ነው? በገነተ ማርያም ይዤሃለሁ፣ አቁመው!» ብለው ጭቃው ላይ ተንበረከኩ።

ላስታ ውስጥ በታቦት ስም የተያዘ ሰው እምቢ አይልም፤ ያውም ያሳደጉት ሴት ተንበርክከው። ጋሻዬ ሞተሩን አጠፋው። የቀረውን ልኬት ወረቀቱ ላይ በግምት ሞላ፤ አገሩ ነውና፣ ደስ ብሎታልና፣ አብዝቶ ገመተ። በዚያ ልክ ትልቅ ፓምፕ ተተከለ፣ ቦኖ ተሠራ።

ሚያዝያ ሲገባ ቦኖው በውኃ ፈንታ አየር ይተፋ ጀመር። ፓምፑ አሸዋ ሳበ፣ ተቃጠለ፣ ጉድጓዱም ተደረመሰ። አነስ ያለ ፓምፕ ቢገባለት ኖሮ ቀስ እያለ ዓመቱን ሙሉ ያጠጣቸው ነበር። ይህን ጋሻዬ ጋሸና ላይ ምሳ ስንበላ ነግሮኛል፤ እንጀራውን ግን አልነካም። ሰውዬው ከሳ። እኔም አናደደኝ፤ በማን እንደምናደድ ግን አላውቅም።

መንደሩ የራሱ ምክንያት አለው፦ ውኃው ያለቀው ያኔ ገደል ስለገባ ነው ይላል። ባለፈው ፋሲካ ጋሻዬ አክስቱን ሊጠይቅ ሲሄድ፣ ጀሪካን አዝለው ከድሮው ምንጭ ሲመለሱ መንገድ ላይ አገኛቸው። ተቀብሎ አወረደላቸው። ድንጋይ ላይ ተቀምጠው ጉልበታቸውን እያሹ፣

«አልተቀየምኩህም፣ ልጄ» አሉት። «ግን ያን ሁሉ ውኃ ባታፈሰው ኖሮ እስካሁን እንጠጣው አልነበረም?»

ጋሻዬ እውነቱን ሊነግራቸው አፉን ከፈተ። ውኃውን ያሳጣቸው መፍሰሱ ሳይሆን ቶሎ መቆሙ ነው ቢላቸው፣ ያስቆሙት እሳቸው ናቸው። ያን ጀሪካን ባዘሉ ቁጥር ያስቡታል።

«አዎ፣ እትዬ» አላቸው። «እኔ ነኝ የጨረስኩት። ይቅር ይበሉኝ።»

«እግዜር ይቅር ይበልህ» አሉና ግንባሩን ሳሙት።