ትርንጎ በማሞቂያው ውስጥ የተወችው ብልቃጥ

እዚህ እስራኤል ውስጥ ከነታንያ ወደ ሃይፋ የተነሣሁት አንዲት ብልቃጥ የቆዳ ቅባት ፍለጋ ነው። እህቴ ትርንጎ በሃይፋ ወደብ አካባቢ በአንድ ትንሽ ፋብሪካ ትሠራ ነበር፤ ለሙከራ የምታዘጋጀውን ቅባት በየወሩ ለእናታችን ትልክላት ነበር። ትርንጎ ከሞተች ሁለት ወር አልፏል። እናታችን ግን አልሰማችም። የልብ ቀዶ ሕክምና አድርጋ ስለነበር ሽማግሌዎቹ “ትንሽ ትጠንክር፣ መርዶው ይቆይ” አሉ። እኔም “ሥራ በዝቶባት ነው” እያልኩ ከረምኩ።

ባለፈው ወር ቅባቱ ሲያልቅ ኩሽና ገብቼ ዘይትና ውኃ መትቼ ብልቃጡን ሞላሁትና “ትርንጎ ላከችልሽ” ብዬ ለእናቴ ሰጠኋት። ቅባት ሠሪ መሆኔ ነው! በማግሥቱ ውኃው ከታች፣ ዘይቱ ከላይ ሆኖ አገኘሁት። እናቴ ምንም አላለችኝም።

ጠዋት፣ ሁለት ሰዓት ተኩል

የእረፍት ቀኔ ስለሆነ ነው ዛሬን የመረጥኩት። ከባቡሩ መስኮት ባሕሩ በግራዬ ነበር፤ ሃይፋ ስንቃረብ ጉም ዋጠው። ጣቢያው ላይ ቡሬካስ የሚሉትን አይብ የተሞላ ሳምቡሳ በአሥራ አምስት ሸቀል ገዛሁ፤ ጨው በዝቶበታል። ወደ ክርያት አታ በሚሄደው አውቶቡስ ተሳፍሬ ከፋብሪካዎቹ መንገድ ላይ ወረድኩ። ትርንጎ የኖረችበት የኔቬ ዮሴፍ ሰፈር ዳገት በጉሙ አይታይም። ከየግድግዳው ጀርባ ሞተር ያጉረመርማል፤ መንገዱ ላይ ግን አንድ ሰው የለም። ፈራሁ፤ ምን እንደፈራሁ አላውቅም።

አራት ሰዓት

በር ላይ የተቀበሉኝ የትርንጎ የሥራ ባልደረባ፣ የጎንደሯ እትየ ዘውዴ ናቸው።

“አረማመድህ የሷ ነው፤ ደነገጥሁ እኮ!” አሉኝ።

ግድግዳው ላይ የሚሽሜሬት ሰሌዳ ተሰቅሏል፤ የየፈረቃው ሠራተኞች ስም ይጻፍበታል። የትርንጎ ስም አሁንም አለ።

“ለምን አላጠፋችሁትም?”

“ማን ይድፈር?”

እየሄድን ሥራውን አስረዱኝ። ሁለት ማዋሐጃ ነው የሚቀላቅሉት፤ አንዱ ውኃ ይወዳል፣ ሌላው ዘይት። ሁለቱም የኤሌክትሪክ ሙል የላቸውም፤ ስለዚህ ቆዳ አያስቆጡም፣ ጨዋማ ውኃም ብዙ አይረብሻቸውም። ልኩን ካገኙ ዘይትና ውኃ ተያይዘው ይቆያሉ። ልኩን በማግኘት ትርንጎን የሚያህል አልነበረም አሉ።

ከዚያ ቁም ሣጥን የሚያህል ማሞቂያ ከፈቱ። ሙቅ አየር እንደ ትንፋሽ ፊቴን ነካኝ። ብልቃጦች ተደርድረዋል፤ በሁሉም ላይ የእህቴ የእጅ ጽሑፍ።

“ሦስት ወር ሞቆ ካልተለየ አልፏል ማለት ነው። የሚከፈትበትን ቀን እሷው ትጽፍበታለች።” አንዱን አንሥተው ጽሑፉን አነበቡ። “መምጣትህን ለማን ነገርህ?”

“ለማንም።”

ብልቃጡን አዙረው አሳዩኝ። የዛሬ ቀን ተጽፎበታል።

ጠጉሬ ቆመ። ስቀበላቸው ብልቃጡ የሰው እጅ ያህል ይሞቃል። ሲከፍቱት ቅባቱ ነጭ ነው፤ ጠብታ ዘይት አልወጣውም።

“ቤሰደር፣ ደህና ነው፤ ለእናትህ ውሰድላት” አሉ፤ ዓይናቸው እንባ ሞልቶ።

መልስ

ብልቃጡን በሻሽ ጠቅልዬ ደረቴ ውስጥ ከተትኩት። በባቡሩ ብዙ ሰው ቆሞ ነበር፤ ከጎኔ ያለው ወንበር ላይ ግን እስከ ነታንያ ማንም አልተቀመጠም። ብልቃጡም አልቀዘቀዘም። የደረቴ ሙቀት ነው ብዬ ራሴን አጽናናሁ።

እናቴ ብልቃጡን በሁለት እጇ ተቀበለችኝ።

“ይሞቃል” አለች።

“ትርንጎ ናት የላከችልሽ።”

ከፍታ እጇን ቀባች፣ አሸተተችው። ከዚያ ከአልጋዋ ሥር እኔ የሞላሁትን አሮጌ ብልቃጥ አወጣች። ውኃው ከታች፣ ዘይቱ ከላይ።

“ልጄ እንዲህ ያለ ነገር ልካልኝ አታውቅም። ይህን ያመጣህ ቀን ነው ያወቅሁ።”

አጠገቧ ተቀመጥኩ። ሃይፋ ድረስ የተጓዝኩት ከወር በፊት ያወቀችውን ልደብቃት ኖሯል። ለካ እሷን ሳይሆን ራሴን ነበር የምጠብቀው።

“ለምን ዝም አልሽ?” አልኳት።

“ወግ ነዋ፤ መርዶ ሳይነገር አይለቀስም፤ እስክትነግሩኝ ጠበቅሁ።” የትርንጎን ብልቃጥ ከድና ጭኗ ላይ አስቀመጠችው። “አሁን ሂድ፣ ሽማግሌዎቹን ጥራቸው። ልጄን ላልቅስ።”